ግሸንና ወህኒ፦ የነገሥታት ልጆች የተጋዙባቸው አምባዎች

አምባ ዙሪያውን ገደል የከበበው፣ አናቱ ግን ሜዳማና ለመኖሪያ የሚበቃ ተራራ ሲሆን፣ በኢትዮጵያ ደጋማ ምድር ለምሽግነት፣ ለገዳምነት፣ ለግምጃ ቤትነትና ለግዞት ሲያገለግል ኖሯል። ከእነዚህ ሁሉ ለመንግሥቱ ህልውና የከበደ ትርጉም የነበረው ግዞቱ ነው፤ ምክንያቱም ከ13ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ገደማ ጀምሮ እስከ 18ኛው ምዕተ ዓመት ድረስ፣ በመካከሉ አንድ ረዘም ያለ ክፍተት ቢኖርም፣ ለዙፋን ሊታጩ የሚችሉ የንጉሣዊው ቤተሰብ ወንዶች በአንድ አምባ ላይ ተሰብስበው በጥበቃ ሥር እንዲኖሩ ይደረግ ነበር። የመጀመሪያው ታላቅ የግዞት አምባ በዛሬው ደቡብ ወሎ፣ በአምባሰል የሚገኘው ግሸን ነው። ሁለተኛው በጎንደር ዘመን የተተካውና በበለሳ ምድር የቆመው ወህኒ ሲሆን፣ ወህኒ ቤት የሚለው የእስር ቤት መጠሪያ የቀረው ከዚህ አምባ ስም ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮጳውያን አቆጣጠር የተሰሉ ናቸው።

የልማዱ ምክንያት የሚገኘው በዙፋን አወራረስ ሥርዓቱ ውስጥ ነው። ዘሩን ከንጉሥ ሰሎሞንና ከንግሥተ ሳባ በሚቆጥረውና በ1270 በይኩኖ አምላክ እጅ ሥልጣን በያዘው ሥርወ መንግሥት፣ ለመንገሥ የንጉሥ ዘር መሆን ግድ ነበር፤ ይሁን እንጂ ከልጆች፣ ከወንድሞችና ከአጎቶች መካከል ማን እንደሚቀድም የሚወስን ጽኑ ሕግ አልነበረም። ነገሥታቱ ከአንድ በላይ ሚስት ያገቡ ስለነበር ወራሽ ነኝ ባዩ ብዙ ነው፤ እያንዳንዱም የእናቱ ወገኖችና እነርሱ የሚያሰልፉት ሠራዊት ነበረው። ይኩኖ አምላክን የተካው ይግብአ ጽዮን በ1294 ሲሞት፣ እስከ 1299 ባሉት አምስት ዓመታት ውስጥ አምስት ወራሾች በዙፋኑ ላይ ተፈራርቀው፣ መንግሥቱ የረጋው ወድም አርዕድ ከነገሠ በኋላ ነው። የታሪክ ምሁሩ ታደሰ ታምራት በመካከለኛው ዘመን የቤተ ክርስቲያንና የመንግሥት ታሪክ ላይ ባሳተሙት መጽሐፋቸው ግሸንን የንጉሣዊ እስር ቤት አድርገው ሰፊ ቦታ የሰጡት፣ ይህ ተቋም ያን ዘመን መንግሥት ለመረዳት የማይታለፍ በመሆኑ ነው። ትውፊት ግን ልማዱን ከዚያም በፊት ወደነበረው ዘመን ወስዶ፣ የአክሱም ነገሥታት ልጆች በደብረ ዳሞ ይጠበቁ እንደነበርና የአክሱምን መንግሥት እንዳጠፋች የሚነገርላት ዮዲት እዚያው እንደፈጀቻቸው ይተርካል።

ሥርዓቱ ጨካኝ መሆኑ አይካድም፤ ሆኖም በጊዜው ከነበረው ሌላ አማራጭ ጋር ሳይመዘን ሊፈረድበት አይገባም። በኦቶማን ቱርክ መንግሥት አዲስ የነገሠ ሱልጣን ወንድሞቹን እንዲያስገድል የሚፈቅድ ደንብ ከሱልጣን መሐመድ 2ኛ ጀምሮ ሲሠራበት፣ የኢትዮጵያ ቤተ መንግሥት ተፎካካሪዎቹን በሕይወት ማኖርን መርጧል። የመረጠበትም ምክንያት ርኅራኄ ብቻ አልነበረም። በአምባው ላይ ያሉት ሰዎች ለሚነግሠው ንጉሥ ሥጋት የሚሆኑትን ያህል፣ ንጉሡ ወራሽ ሳይተው ወይም ሕፃን ልጅ ትቶ ቢሞት መንግሥቱ የሚድንባቸው ተጠባባቂዎች ነበሩ፤ ስለዚህ ንጉሥ ሲሞት ታላላቆቹ ሹማምንት ተማክረው አንዱን ይመርጣሉ፣ ወደ አምባው ጭፍራ ይልካሉ፣ ትናንት በዘብ ይጠበቅ የነበረው ሰው ወርዶ ዘውድ ይጭናል።

ግሸን ለዚህ ሥራ የተመረጠው በአቀማመጡ ነው። የአምባው አናት የመስቀል ቅርጽ ሲኖረው፣ በሁሉም አቅጣጫ የሚወርደው ገደል መውጫውን በጠባብ በር ላይ ብቻ ወስኖታል፤ በሩን የያዘ ጥቂት ጭፍራ ብዙ ሠራዊት ሊመክት ይችል ነበር። ጥበቃውም አንድ ግድግዳ ብቻ አልነበረም፤ ከላይ ከመሳፍንቱ ጋር የሚኖሩ፣ በሩን የሚይዙና በግርጌው የሚሰፍሩ ሰዎች ነበሩ። የአካባቢው ገዥዎች የያዙት ጃንጥራር የሚለው የአምባሰል ማዕረግ ከዚህ ኃላፊነት ጋር የተያያዘ ሲሆን፣ ማዕረጉ እስከ 20ኛው ምዕተ ዓመት ዘልቆ የዐፄ ኃይለ ሥላሴ ባለቤት የእቴጌ መነን አባት ጃንጥራር አስፋው ይጠሩበት ነበር። ግዞተኞቹ እስራኤላውያን ይባሉ ነበር፤ ይህም ከሰሎሞን ዘር መሆናቸውን የሚያመለክት ስም ነው።

ስለ አምባው ኑሮ ከሁሉ ይልቅ የቀረበ ምስክርነት የተወው ከ1520 እስከ 1526 በዐፄ ልብነ ድንግል ዘመን ኢትዮጵያ ውስጥ የቆየው የፖርቱጋል መልእክተኞች ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ነው። አልቫሬዝ ወደ አምባው አልወጣም፤ ጓዶቹ በጉዞ ላይ ሳሉ ወደ ግርጌው ቢጠጉ ድንጋይ እንደወረደባቸው፣ ወደ በሩ የሚቀርብ ሰው እጅና እግሩ እንደሚቆረጥና ዓይኑ እንደሚወጣ እንደተነገራቸው ጽፏል። ከሁሉ የሚጎላው ግን በንጉሡ ሰፈር ያየው ቅጣት ነው። አንድ ወጣት መነኩሴ ከአምባው መሳፍንት ደብዳቤ አምጥቷል ተብሎ ከብዙ የአምባው ጠባቂዎች ጋር ታስሮ ቀርቦ ነበር፤ መነኩሴውም ጠባቂዎቹም አንድ ቀን እየታለፈ ይገረፉ ነበር፤ የግርፋቱም ዓላማ ደብዳቤው በማን እጅ እንዳለፈ ማውጣጣት ነበር። በዚህ ትረካ ውስጥ የሥርዓቱ አሠራር በግልጽ ይታያል፤ መሳፍንቱን ከዓለም የለያቸው ገደሉ ብቻ ሳይሆን ቃል እንኳ እንዳይወጣና እንዳይገባ የተጣለው ክልከላ ነበር፤ ለክልከላው መጣስ ጠባቂው ከግዞተኛው እኩል፣ አንዳንዴም ይበልጥ ይከፍል ነበር።

ያው ጸሐፊ ከአምባው አምልጦ ወደ እናቱ ቤት ስለመጣ አንድ የንጉሡ ወጣት ወንድም ይናገራል። እናቲቱ ልጇን መሸሸግ በሞት እንደሚያስቀጣት አውቃ ወደ ንጉሡ ወሰደችው፤ ንጉሡ ለምን እንደሸሸ ሲጠይቀው በረኀብ መሞቱ እንደሆነና ይህን የሚናገርለት መልእክተኛ አጥቶ ራሱ እንደመጣ መለሰ። ንጉሡም ልብስና ወርቅ ሰጥቶ ወደ አምባው መለሰው። ለግዞተኞቹ የሚሆን ቀለብና መተዳደሪያ በሥርዓት የተመደበ ሆኖ ሳለ የንጉሥ ወንድም እስከ መራብ መድረሱ፣ በመንግሥቱ መዝገብ በተጻፈውና በአምባው አናት በሚደርሰው መካከል የነበረውን ርቀት ያሳያል። ይህ ጉድለት በኋላ በወህኒም ተደግሟል።

እንዲህም ሆኖ ግሸን የሥቃይ ቦታ ብቻ አልነበረም። መሳፍንቱ አግብተው ይወልዱ ነበር፤ ልጆቻቸውም ግዞቱን ይወርሱ ነበር። ካህናትና መምህራን አብረዋቸው ስለሚኖሩ አምባው የትምህርትና የድርሰት ቦታ ሆኖ፣ ሌላ ሥራ የተከለከሉት መሳፍንት በግእዝ ንባብ፣ በዜማና በቅኔ የበረቱ ነበሩ። በ1434 የነገሠው ዘርዐ ያዕቆብ ወጣትነቱን በዚህ አምባ ያሳለፈ ሲሆን፣ በኋላ በቤተ ክርስቲያን ሥርዓትና በድርሰት ያሳየው ትጋት ከዚያ ኑሮ ጋር ሳይያያዝ ሊታይ አይችልም። በ1494 ከግሸን ወርዶ የነገሠው ናዖድም የመንፈሳዊ ድርሰት ባለቤት ተደርጎ ይጠቀሳል። በቤተ ክርስቲያን ትውፊት መሠረት ዐፄ ዳዊት ያስመጣውን የጌታን ግማደ መስቀል በግሸን ያኖረው ይኸው ልጁ ዘርዐ ያዕቆብ ነው፤ ታሪኩም በአምባው በሚጠበቀው መጽሐፈ ጤፉት ይነበባል። ግዞተኛ ሆኖ የኖረበትን ተራራ ንጉሥ ሲሆን በታላቁ ቅርስ ማክበሩ፣ በአምባውና በዙፋኑ መካከል የነበረውን ትስስር ከማንም ሐተታ ይልቅ ያስረዳል።

የግሸን እስር ቤትነት ያበቃው በጦርነት ነው። የአዳሉ ኢማም አሕመድ (ግራኝ) ሠራዊት ከ1531 ጀምሮ አምባውን ለመያዝ ሞክሮ ለጊዜው አልተሳካለትም፤ በ1540 ግን ተሳካለት፣ በላዩ የተገኙት መሳፍንትና ጠባቂዎችም ተፈጁ። የአንድን ሥርወ መንግሥት ተጠባባቂ ወራሾች በአንድ ቦታ መሰብሰብ የሚያስከትለው አደጋ በዚያ ዓመት በሙሉ ክብደቱ ታየ። ከዚያ በኋላ ለመቶ ዓመት ያህል ልማዱ ተቋርጦ ቆየ።

ያንሰራራው በጎንደር መሥራች በዐፄ ፋሲለደስ ዘመነ መንግሥት፣ በ17ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ ነው። ፋሲለደስ ዐመፅ ያነሡበትን የራሱን ዘመዶች፣ ከእነርሱም መካከል ልጁን ዳዊትን፣ ወደ ወህኒ አጋዘ፤ በ1667 ሲሞትም ሹማምንቱ ዮሐንስን አንግሠው ሌሎቹን ልጆች ወደዚያው ላኩ። ወህኒ ከግሸን የሚለየው በጥበቱ ነው፤ ከዙሪያው ተነጥሎ እንደ ዓምድ የቆመ ቋጥኝ በመሆኑ፣ እንደ ግሸን ዓይነት ሰፊ የገዳምና የትምህርት ኑሮ ሊያስተናግድ አልቻለም። የስኮትላንዱ ተጓዥ ጀምስ ብሩስ፣ በ1770 ጎንደር ገብቶ ከሰማው ሲጽፍ፣ በ1682 የነገሠው ታላቁ ኢያሱ ወደ ወህኒ ግርጌ ሄዶ ዘመዶቹን አስወርዶ እንዳያቸው፣ በተራቆተና በተራበ ሁኔታ ስላገኛቸውም አዝኖ ልብስና ገንዘብ እንደሰጣቸው ይተርካል። ከዚያ ግን ተመልሰው ወጡ፤ ደግ ንጉሥም ቢሆን ሥርዓቱን ለማፍረስ አልደፈረም።

በወህኒ ታሪክ የሚከብደው ገጽ አካልን የማጉደል ቅጣት ነው። አካሉ የጎደለ ሰው አይነግሥም የሚል ልማድ ስለነበር፣ ለማምለጥ የሞከረ ልዑል እንዳይነግሥ አንድ ነገር ይቆረጥበት ነበር። የኢያሱ ልጅ በካፋ ከአምባው አምልጦ ከኦሮሞዎች ጋር ከኖረ በኋላ ተይዞ የአፍንጫው ጫፍ እንደተቆረጠ ይነገራል፤ ሆኖም በ1721 ነገሠ። ወንድሙ ዮሐንስም ለማምለጥ ሞክሮ አንድ እጁን አጣ፤ እርሱም በ1769፣ ከሰባ ዓመት በላይ ሆኖት፣ ዕድሜውን ካሳለፈበት አምባ ወርዶ ነገሠ። ቅጣቱ ሰዎቹን ለዕድሜ ልክ አጎደለ እንጂ የታሰበለትን ዓላማ ሁለት ጊዜ አልፈጸመም።

የዮሐንስ 2ኛ መንገሥ የተቋሙ ፍጻሜ መጀመሪያም ነው። የትግራዩ ገዥ ራስ ሚካኤል ስሑል ዐፄ ኢዮአስን ካስገደለ በኋላ ሽማግሌውን ከወህኒ ያስመጣው፣ የሚፈልገው ታዛዥ ዘውድ ጫኝ ስለነበር ነው፤ ዮሐንስ ለዘመቻ አልሄድም ባለ ጊዜ በጥቂት ወራት ውስጥ ተመርዞ እንደሞተ ይታመናል፣ ልጁ ተክለ ሃይማኖትም ተተካ። እስከዚያ ድረስ የአምባው ቁልፍ የነበረው በንጉሡና በቤተ መንግሥቱ ጉባኤ እጅ ነው፤ ቁልፉ በጦር አበጋዝ እጅ ሲገባ ግን አምባው መንግሥቱን ከመከፋፈል የሚጠብቅ መሆኑ ቀርቶ፣ ኃይለኛው የፈለገውን ንጉሥ የሚመርጥበት ጎተራ ሆነ። ዘመነ መሳፍንት የሚባለው የተከታዩ ሰማንያ ዓመታት የራሶች ፉክክር የነገሠውን ሰው ራሱን በጎንደር የቁም እስረኛ ስላደረገው፣ ወራሾቹን በገደል ላይ መጠበቅ ትርጉም አጣ።

ልማዱ በሌላ መልክ ግን ቀጥሏል። በሸዋ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የራሱን ወንድሞች በጎንጮ አስሮ ያኖር የነበረ ሲሆን፣ ከ1841 እስከ 1843 በአንኮበር የቆየው የእንግሊዙ መልእክተኛ ኮርንዋሊስ ሃሪስ መፈታታቸውን ጽፏል። ዐፄ ቴዎድሮስ መቅደላን እስር ቤት አድርጎ፣ ከሸዋ የወሰደውን ሕፃኑን ምኒልክን አሥር ዓመት ያህል ያኖረው እዚያ ነው፤ ምኒልክ በ1865 አምልጦ ሸዋ ገባ። በ20ኛው ምዕተ ዓመትም ከሥልጣን የወረደው ልጅ ኢያሱ መጀመሪያ በፍቼ፣ በኋላ በሐረርጌ ጋራ ሙለታ ላይ ታስሮ ኖሯል። በ1931 የወጣው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት አልጋ ወራሽነቱን በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘር ሲወስን፣ የአምባ ግዞት ሊፈታው የተፈጠረውን ችግር በጽሑፍ ለመፍታት ተሞከረ።

ይህ የመከራ ታሪክ በአውሮጳ ሌላ መልክ ይዞ መሰራጨቱ ሳይጠቀስ ሊታለፍ አይገባም። ሉዊስ ዴ ኡሬታ የተባለው ስፔናዊ መነኩሴ ኢትዮጵያን ሳያይ በ1610 ባሳተመው መጽሐፍ ግሸንን የገነት አምሳያ አደረገው፤ የእንግሊዙ ጸሐፊ ሳሙኤል ጆንሰን በ1759 ያወጣው ራስላስ የተባለው ልብ ወለድም የሐበሻን ልዑል በደስታ ሸለቆ ውስጥ ያኖረዋል። በረኀብ ምክንያት ወደ እናቱ የሸሸውን ወጣት ያስታወሰ አንባቢ፣ ምናብና እውነት ምን ያህል እንደተራራቁ ለመገንዘብ አይቸገርም።

ግሸን ዛሬ በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን እጅግ ብዙ ምእመን የሚሳለመው ቅዱስ ቦታ በመሆኑ ታሪኩ በሕያዋን አንደበት ይጠበቃል። ወህኒ ግን ይህ ዕድል አልገጠመውም፤ አየርላንዳዊው ቶማስ ፓክነም በ1950ዎቹ አጋማሽ ፈልጎ ሲደርስበት ያገኘው ፍርስራሽ ነው። ከዚህም የሚብሰው የሰዎቹ መረሳት ነው። የነገሥታቱን ሥራ በየዓመቱ የሚዘግበው ዜና መዋዕል የሚያወሳው በአብዛኛው ከአምባው ወርደው የነገሡትን ወይም ለማምለጥ ሞክረው የተቀጡትን ሲሆን፣ እዚያው ተወልደው፣ ተምረው፣ ወልደው የሞቱት ብዙዎች ስማቸው እንኳ በቅጡ አልተሰበሰበም። በጎንደርና በወሎ አብያተ ክርስቲያናት በሚገኙ የብራና መጻሕፍት ኅዳግ ላይ የስጦታ፣ የርስትና የተዝካር ማስታወሻ መጻፍ የቆየ ልማድ ስለሆነ፣ የእነዚህ ሰዎች ፍለጋ መጀመር ያለበት ከዚያ ነው፤ የታሪክ ተማሪዎችና የየአጥቢያው ሊቃውንትም ብራናዎቹ በእርጅናና በስርቆት ሳያልቁ ኅዳጎቹን አንብበው ሊመዘግቧቸው ይገባል።