ጌም ቦይ፤ የጨዋታ ዕቃ የዜማ መሣሪያ ስለ መሆኗ

እ.ኤ.አ. በ1965 ጉንፔይ ዮኮይ የሚባል ወጣት ጃፓናዊ፣ በኪዮቶ ከተማ የመጫወቻ ካርታ ይሠራ ወደ ነበረው ወደ ኒንቴንዶ ኩባንያ ተቀጥሮ ሲገባ፣ የተሰጠው ሥራ አዲስ ነገር መፍጠር ሳይሆን ካርታ የሚያወጡትን መኪናዎች መንከባከብና መጠገን ነበረ። ይህ ጠጋኝ ከጊዜ በኋላ የአሻንጉሊትና የጨዋታ መሣሪያ ፈልሳፊ ሆኖ ስሙ ቢገንም፣ የመኪና ጠባቂነቱን ጠባይ አልተወም፤ የተፈተነና ዋጋው የረከሰ ጥበብ በአዲስ አሳብ ቢሠራበት ገና ካልተፈተነው ውድ ጥበብ ይልቃል ብሎ ያምን ነበርና። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 21 ቀን 1989 እርሱ ይመራው የነበረው ክፍል ያወጣት ጌም ቦይም የዚሁ እምነት ፍሬ ነበረች፤ መስኮቷ ቀለምም ብርሃንም የሌለው፣ በአራት ትንንሽ የባትሪ ድንጋዮች ብዙ ሰዓት የምትሠራ፣ ብትወድቅ በቀላሉ የማትሰበር ግራጫ ሣጥን ናት። ከቀለማሟ ታናሽ እኅቷ ጋር ተደምራ ከ118 ሚሊዮን በላይ ተሸጣለች። እኛ ግን ዛሬ ስለ ጨዋታዋ አይደለም የምንናገረው፤ ሠሪዎቿ ሳያስቡት ስላገኘችው ስለ ሁለተኛው መዓርጓ፣ ማለት የዜማ መሣሪያ ስለ መሆኗና በዚህም ማዕርግ ላይ ስለሚያቆያት የእጅ ጥበብ ነው እንጂ።

የድምፅዋን ክፍል የነደፈው ሂሮካዙ ታናካ፣ መሐንዲስም የዜማ ደራሲም የሆነ ሰው ነበረ፤ ይህም በሥራው ላይ ይታያል። ክፍሉ አራት መስመሮች አሉት። ሁለቱ መስመሮች ኤሌክትሪኩ በቅጽበት ወደ ላይ ወጥቶ፣ ለጊዜው ጸንቶ፣ እንደ ገና በቅጽበት የሚወርድበትን ማዕዘናዊ ሞገድ ያወጣሉ፤ በአንዱ ዑደት ውስጥ ሞገዱ ላይ የሚቆይበትም ጊዜ ከስምንት አንድ እጅ፣ ሩብ፣ ግማሽ፣ ወይም ሦስት አራተኛ እንዲሆን ይታዘዛል። ግማሹ ወፈር ያለና ውስጡ ባዶ የሚመስል ድምፅ ሲሰጥ፣ ከስምንት አንዱ ቀጥኖ በአፍንጫ የሚወጣ ይመስላል፤ ሩቡና ሦስት አራተኛው ግን ለጆሮ አንድ ናቸው። በሦስተኛው መስመር ደራሲው ራሱ የሞገዱን መልክ በ32 ነጥቦች ይቀርጻል፤ እያንዳንዱም ነጥብ ከ16 ከፍታዎች በአንዱ ላይ ይቆማል። አራተኛው መስመር ዜማ የለውም፤ ሥርዐት የሌለው የሚመስል የቁጥር ዥረት እያፈሰሰ ሽውታና ፍንዳታ ያወጣል፣ ከበሮውና ጸናጽሉም በአብዛኛው የሚገኘው ከእርሱ ነው።

አራት ድምፅ ጥቂት ነው፤ የዚህ ጥበብ ምሥጢርም ያለው በጥቂትነቱ ላይ ይመስለኛል። ደራሲው ሦስት ድምፆች በአንድነት የሚሰሙበትን ኅብር ቢፈልግ ከአራቱ መስመሮች ሦስቱ ያልቁበታል፤ ስለዚህ ሦስቱን ድምፆች በአንዱ መስመር ላይ በአንዲት ሰከንድ ውስጥ ደጋግሞ ያፈራርቃቸዋል፣ ጆሮም ፍጥነታቸውን መከታተል ሲሳነው እንደ አንድ ኅብር ይቀበላቸዋል። ከዚህች መሣሪያ የሚወጣው ዜማ የሚንቀጠቀጥና የሚያብለጨልጭ መስሎ የሚሰማው ስለዚህ ነው። እንዲሁም የከበሮው ምት አንዳንድ ጊዜ በሦስተኛው መስመር ውስጥ ለቅጽበት ገብቶ በዚያ የሚሰማውን ወፍራም ድምፅ አቋርጦ ይወጣና ድምፁ ወዲያው ይመለሳል፤ አድማጩም መቋረጡን ልብ ሳይል ሁለቱ አብረው የተመቱ ይመስለዋል። ባለ መሰንቆ ከአንዲት የጭራ አውታር ያን ሁሉ እንጉርጉሮ እንደሚያወጣ፣ የጌም ቦይ ዜመኛም ካለችው ጥቂት ነገር ላይ ምልአትን ይፈልጋል፤ ወሰን የሌለው መሣሪያ በእጁ ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ ብልሃት ባላወጣ ነበር።

መሣሪያይቱ ለጨዋታ ተሠርታ ሳለች ዜማ ለመድረስ ያበቋት ሁለት አውሮፓውያን ናቸው። ጀርመናዊው ኦሊቨር ቪትቾቭ እ.ኤ.አ. በ1998 ናኖሉፕ የተባለውን ፕሮግራም አወጣ፤ ከጥቂት ጊዜም በኋላ ስዊድናዊው ዮሃን ኮትሊንስኪ ሊትል ሳውንድ ዲጄይ የተባለውን አስከተለ። በኋለኛው ፕሮግራም ደራሲው ዜማውን በነጥብ ሳይሆን በፊደልና በቁጥር ዐሥራ ስድስት ረድፍ ባላት ሰሌዳ ላይ ይጽፋል፣ ሰሌዳዎቹን በሰንሰለት ያያይዛል፣ ከሰንሰለቶቹም ሙሉውን ድርሰት ይገነባል፤ ይህን ሁሉ የሚያደርገውም በጥቂት ቁልፎች፣ በሁለት አውራ ጣቶቹ ብቻ ነው። ሁለት መሣሪያዎች በገመድ ቢገናኙ በአንድ ምት ይሄዳሉ፣ አራቱም መስመር ስምንት ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2006 በኒው ዮርክ ብሊፕ ፌስቲቫል ሲጀመር ይህ ዜማ የራሱን ትልቅ መድረክ አገኘ።

ነገር ግን ዜመኛው የኤሌክትሪክ ጥገና ካላወቀ ድርሰቱ ብዙ አይራመድም፤ መሣሪያይቱ አርጅታለችና። ሽፋኗ የተዘጋው ሦስት ክንፍ ባላቸው ብሎኖች ስለሆነ፣ የመጀመሪያው ነገር ለእነርሱ የሚስማማ ካቻቪቴ ማግኘት ነው። አንዲት አሮጌ ጌም ቦይ ስትከፈት ከሁሉ አስቀድሞ የሚታየው ብዙ ጊዜ የባትሪው ቤት ጉዳት ነው፤ የተረሳው ድንጋይ አፍስሶ ብረቱን በአረንጓዴና በነጭ ዝገት አልብሶታል። የአልካላይን ድንጋይ የሚያፈሰው አሲድ ሳይሆን የአሲድ ተቃራኒ ስለሆነ፣ በጥቂት ኮምጣጤ የተነከረ ጥጥ ኃይሉን ያበርደዋል፣ ከዚያም በአልኮል ይጸዳል፤ ብረቱ ተበልቶ ካለቀ ግን አዲስ መበየድ ግድ ነው።

ከመስኮቷ ላይ ቀጥ ያሉ መስመሮች ሲጠፉ ብዙ ሰው መሣሪያይቱ ሞተች ብሎ ይጥላታል፤ ይህ እጅግ የሚያሳዝን ስሕተት ነው። ምክንያቱ በመስተዋቱ ግርጌ በሙቀት የተጣበቀው ስስ የገመድ ጥብጣብ በዕድሜ ብዛት መላቀቁ ብቻ ነው። ጠጋኙ መሣሪያይቱን እንደ በራች ይዞ የመበየጃውን ብረት በጥብጣቡ ላይ በቀስታ ሲያልፍበት፣ የጠፉት መስመሮች አንድ በአንድ ይመለሳሉ። እጁን ካከበደ ጥብጣቡን ያቃጥለዋል፣ ከቃጠሎም በኋላ መድኃኒት የለውም። ብርሃን ለመጨመር ከመስተዋቱ ጀርባ ያለውን አንጸባራቂ ሽፋን መላጥም እንዲሁ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ በጨለማ መድረክ ላይ ለሚጫወት ሰው ግን ይህ ብርሃን ጌጥ አይደለም፣ ሊኖረው የሚገባ ነው።

ዜመኞች ከሁሉ የሚወዱት ጥገና የድምፁ ነው። በመሣሪያይቱ ውስጥ ያለው ትንሽ ማጉያ ጩኸትን ከዜማው ጋር ስለሚቀላቅል፣ ድምፁን ከማጉያው በፊት፣ ከድምፅ መጨመሪያው ጎማ ላይ በሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች ጠልፈው ወደ ውጭ መሰኪያ በቀጥታ ያወጡታል፤ ወፍራሙም ድምፅ ከዚህ በኋላ እውነተኛ ክብደቱን ያገኛል። እ.ኤ.አ. የ1989ዋ ግራጫ ሣጥን ከኋለኞቹ ይልቅ የምትፈለገው በዚሁ በወፍራም ድምፅዋ ነው።

ፕሮግራሙን ይዞ በመሣሪያይቱ ላይ በሚሰካው ካርትሪጅም ውስጥ ብዙ ጊዜ ድርሰቱን የምትጠብቅ ጠፍጣፋ ባትሪ አለች፤ እርስዋ ባለቀች ቀን የተጻፈው ዜማ ሁሉ ይጠፋልና፣ አስተዋይ ዜመኛ ድርሰቱን አስቀድሞ ወደ ኮምፒውተር ይገለብጣል።

ኒንቴንዶ ይህችን መሣሪያ መሥራት ካቆመ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል። ስለዚህ በመሳቢያው ውስጥ ያስቀመጣት አንባቢ ቢኖር፣ ዛሬውኑ ከፍቶ የባትሪ ድንጋዮቹን እንዲያወጣ፣ እርሱ የማይሻት ከሆነም ለሚጠግናት ሰው እንዲሰጥ እለምነዋለሁ።