በሞልዶቫ አንድ ድምፅ ስንት ያወጣል?

እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2024 መጨረሻ ከሞስኮ ተነስተው በየሬቫን በኩል በሞልዶቫ ዋና ከተማ በቺሺናው አውሮፕላን ማረፊያ የደረሱ የሀገሪቱ መንገደኞች ተፈተሹ። ብዙዎቹ 10,000 ዩሮ የማይሞላ ጥሬ ገንዘብ ይዘው ተገኙ። ከዚያ በላይ ቢሆን ለጉምሩክ ማሳወቅ ግድ ነበርና ገንዘቡ ለየሰዉ ተከፋፍሎ ነበር። ፖሊስ ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ ያዘ። ብዙዎቹ መንገደኞች የሚመለሱት ከሀገሩ የኮበለለው ባለሀብት ኢላን ሾር ሞስኮ ላይ ከጠራው የፖለቲካ ጉባኤ ነበር።

ስለ ባዕድ መንግሥት ስውር እጅ ሲወራ ሰላይና የኮምፒውተር ሰርጎ ገብ ቶሎ ትዝ ይሉናል። የሞልዶቫ ጣጣ ግን ከባንክ ይጀምራል። በ2014 ከሦስት ባንኮች 1 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ተዘረፈ፤ ከሀገሪቱ ዓመታዊ ምርት አንድ ስምንተኛውን ያህላል። ባንኮቹን ለመታደግ የወጣው ገንዘብ ወደ መንግሥት ቦንድ ተለውጦ ሕዝቡ ለ25 ዓመት እንዲከፍለው ተደረገ። ሾር በዚሁ ዝርፊያ ተጠርጥሮ ሳለ በ2015 የኦርሄይ ከተማ ከንቲባ ሆኖ ተመረጠ። ለጡረተኞች በቅናሽ የሚሸጡ ሱቆች ከፈተ፤ ለልጆች መዝናኛ ፓርክ ሠራ። መንግሥት ያልደረሰለት ደሃ የደረሰለትን ሰው ቢወድ አይፈረድበትም። ሾር በ2019 ከሀገር ሸሸ፤ በ2023 ፍርድ ቤት በሌለበት 15 ዓመት እስራት ፈረደበት። ሞስኮ ግን መጠለያም መድረክም ሰጠችው።

ገንዘብ ካለ በሰማይ መንገድ አለ ይባላል። ከአውሮፕላን ማረፊያው ፍተሻ በኋላ የሾር ድምፅ መግዣ ገንዘብ መንገዱ በስልክ ሆነ። የሞልዶቫ ፖሊስ እንደሚለው፣ በሩሲያ መንግሥት ይዞታ ሥር ባለው ፕሮምስቪያዝባንክ በኩል ለብዙ ሺህ ሰዎች ሂሳብ ተከፈተ፤ ትእዛዙ በቴሌግራም ይመጣ ነበር፣ የመንደር አስተባባሪው ሰው ይመለምል ነበር። በኦክቶበር 2024 ወደ አውሮፓ ኅብረት የመግባት ዓላማ በሕገ መንግሥቱ ይስፈር ወይ የሚል ሕዝበ ውሳኔ ከመካሄዱ በፊት በዚህ መረብ የተደለሉት ከ130,000 በላይ መሆናቸውን የፖሊስ አዛዡ ተናገሩ። በድምፅ መስጫው ቀን አንዲት ሴት ድምፅ ሰጥታ እንደወጣች ክፍያዋን የምትቀበለው የት እንደሆነ ስትጠይቅ የቢቢሲ ባልደረቦች ሰምተዋታል። ሩሲያ እጄ የለበትም ትላለች። ወደ 1.5 ሚሊዮን ሰው ድምፅ በሰጠበት ውሳኔ «አዎ» ያለው በ50.35 በመቶ፣ በአሥር ሺህ ገደማ ድምፅ ልዩነት ብቻ አሸነፈ። ሀገር ውስጥ ያለው ሕዝብ ብቻ ቢቆጠር «አይሆንም» ይረታ ነበር፤ ውጤቱን የቀየረው በውጭ ሀገር የሚኖረው ሞልዶቫዊ ነው።

ሩሲያ በጋዝ ያሳደረችው ጫና፣ ከሞልዶቫ በተገነጠለችው ትራንስኒስትሪያ የሰፈረው የሩሲያ ጦርና በበይነ መረብ የሚሰራጨው የሐሰት ቪዲዮ ለየብቻቸው ሰፊ ታሪክ ናቸው። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ መከላከያው ነው። ቺሺናው በ2022 መጨረሻ የስድስት ቴሌቪዥን ጣቢያዎችን ፈቃድ አገደች፣ በ2023 የሾርን ፓርቲ አፈረሰች፣ የ2025ቱ የፓርላማ ምርጫ ቀናት ሲቀሩት ደግሞ ተጨማሪ ፓርቲዎችን ከውድድር አስወጣች። በሕገወጥ ገንዘብ ድምፅ የሚገዛን ድርጅት ማገድ ተገቢ ነው እላለሁ። ድምፁን በጥቂት ገንዘብ የሸጠን ጡረተኛ በከባድ መቀጮ ማሳደድ ግን ስህተት ይመስለኛል፤ ያ ሰው መጀመሪያም የተዘረፈ ነው።

ጋጋኡዝያ ላይ ደግሞ ነገሩ ይጠብቃል። ከቱርክኛ ጋር የሚዛመድ ቋንቋ የሚናገሩ ኦርቶዶክሳውያን የሚኖሩባት ይህች ራስ ገዝ ግዛት በሕዝበ ውሳኔው 95 በመቶ ገደማ «አይሆንም» አለች። የዚያን ጊዜ አስተዳዳሪዋ ዬቭጌኒያ ጉጹል ከሩሲያ ሕገወጥ ገንዘብ ለሾር ፓርቲ አስገብታለች ተብላ በኦገስት 2025 የ7 ዓመት እስራት ተፈረደባት። ያ ሁሉ ሕዝብ ግን ተገዝቶ አይደለም። ሩሲያኛ የትምህርት ቤቱና የገበያው ቋንቋ ነው፣ ወጣቱ ለሥራ ሞስኮ ይሄድ ነበር፣ ወይኑም ለዘመናት የተሸጠው ወደዚያ ነው። በሴፕቴምበር 2025 ወደ አውሮፓ ኅብረት መግባትን የሚደግፈው የፕሬዝዳንት ማያ ሳንዱ ፓርቲ ከ101 የፓርላማ መቀመጫዎች 55ቱን ሲያሸንፍ፣ ጋጋኡዝያ እንደገና በአብላጫ ድምፅ ተቃዋሚዎቹን መረጠች። ለዚህ ሕዝብ በራሱ ቋንቋ የሚናገር፣ ለወይኑ ሌላ ገበያ የሚያፈላልግ የቺሺናው ባለሥልጣን እስካልመጣ ድረስ ሾርን የመሰለ ሰው ሰሚ አያጣም።