የሕፃኑ መዝገብ

በድሬዳዋ፣ የምድር ባቡር በ1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተነሥቶ ከደረሰ ወዲህ በቀጥተኛ ጎዳናዎቹና በዛፎቹ ጥላ የታወቀው፣ ከመጋላም በአሸዋማው በደቻቱ ወንዝ የሚለየው ከዚራ፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የበዙበት ሰፈር በመሆኑ፣ ባለጉዳይ ወረቀቱን ይዞ ሲመላለስ የሚውልበት ስፍራ ነው። በእንዲህ ያለው ስፍራ ከሚጻፉት መዛግብት ሁሉ አንዱ ከሌሎቹ የተለየ ሥርዐት አለው፤ እርሱም 18 ዓመት ያልሞላው ልጅ፣ በድሎም ይሁን ተበድሎ፣ ስሙ የሰፈረበት መዝገብ ነው። የውርሱና የንግዱ ክርክር ለሰሚ ሁሉ በተከፈተ ችሎት ሲነገር፣ የዚህኛው ነገር በሩ ተዘግቶ ይሰማል፤ ወረቀቱንም ማየት የሚገባው፣ ሥራው ግድ የሚለው ሰው ብቻ ነው።

ሥርዐቱ የትናንት አይደለም። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ከአንቀጽ 171 ጀምሮ ስለ ወጣት ጥፋተኞች ሲደነግግ፣ ልጁ በአቅራቢያው ወዳለው ፍርድ ቤት ሳይዘገይ እንዲቀርብ፣ ነገሩም በዝግ ስፍራና የአዋቂ ችሎት ግርማ በሌለበት አኳኋን እንዲሰማ፣ ከምስክሮች፣ ከልዩ ዐዋቂዎች፣ ከወላጅ ወይም ከአሳዳሪ፣ ከበጎ አድራጎት ድርጅት ወኪሎችም በቀር ማንም እንዳይገኝ አዘዘ። ከሁሉ ይልቅ የሚደነቀው አንቀጽ 175 ነው፤ ልጁ ሊሰማው የማይገባ ቃል ወይም ማስረጃ የሚነገር ሲሆን፣ ነገሩ የራሱ ቢሆንም እንኳ፣ ልጁ ወደ ውጭ እንዲወጣ ያደርጋል። እነዚያ ሕግ አርቃቂዎች የልጁን ስም ከሕዝብ ጆሮ ለመሰወር ብቻ ሳይሆን፣ የልጁንም ጆሮ ከአዋቂዎች ክፉ ነገር ለመጠበቅ ማሰባቸው፣ ዛሬም ቢሆን ምስጋና የሚገባው ጥንቃቄ ነው።

በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግም 9 ዓመት ያልሞላውን ሕፃን ከወንጀል ተጠያቂነት ፈጽሞ ሲያወጣ፣ ከ9 እስከ 15 ዓመት ያለውን ደግሞ እንደ አዋቂ ከመቅጣት ይልቅ በሚያስተምር እርምጃ እንዲታረም ያደርጋል። ለዚህም ፍርድ ዳኛው ልጁን ማወቅ ስላለበት፣ አንቀጽ 54 ስለ ጠባዩ፣ ስለ ትምህርቱና ስለ ኑሮው ወላጆቹንና መምህራኑን እንዲጠይቅ፣ የሐኪምና የማኅበራዊ ኑሮ ዘገባዎችንም እንዲያስቀርብ ይፈቅድለታል። እንግዲህ የሕፃኑ መዝገብ ከአንድ ስርቆት ወይም ጠብ ታሪክ የሚበልጥ ነገር ይይዛል፤ የእናቱ ሕመም፣ የአባቱ ስካር፣ የእንጀራ አባቱ ዱላ፣ በውድቅት ሌሊት ከቤት የወጣበት ምክንያት ሁሉ በአንድ ክር ተሰፍቶ ይቀመጣል።

ከባዱም ጥያቄ የሚወለደው ከዚህ ነው። በገበያ ዳቦ ሰርቆ የተያዘ ልጅ ወደ ቤቱ ለምን እንደማይመለስ ሲጠየቅ፣ በገላው ላይ ያለው ጠባሳ ስለ እርሱ ይመሰክራል፤ በዚያችው ሰዓትም ጥፋተኛ ተብሎ የገባው ልጅ ተበዳይ ይሆናል። የማሳደግ ኃላፊነት ተሰጥቶት ልጅን የሚበድለውንና የሚደበድበውን አንቀጽ 576 ይቀጣዋል፤ በልጆች ላይ የሚፈጸመው የግብረ ሥጋ በደል ደግሞ፣ ልጁ 13 ዓመት ያልሞላው ወይም ያለፈ እንደ ሆነ፣ በ627 እና በ626 እየተለየ በብርቱ ያስቀጣል። ያን ጊዜ መርማሪው ፖሊስ፣ ዐቃቤ ሕጉ፣ ሐኪሙ፣ የሴቶችና የሕፃናት ጉዳይ ሠራተኛዋ ሁሉም ያን መዝገብ ይሻሉ። የንስሐ አባት የተናዛዡን ቃል ሰምቶ በልቡ እንደሚቀብር፣ ዳኛውና መርማሪው የሰሙትን ሊቀብሩት አይቻላቸውም፤ ቢቀብሩት በዳዩ ከልጁ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ሊያድር ነውና።

ስለዚህ ምስጢሩ የመሥሪያ ቤቱ ንብረት አይደለም፤ የቤተ ሰቡም አይደለም፤ የልጁ ነው። ይህን ያልተረዳ ሹም ከሁለት ስሕተት በአንዱ ይወድቃል፤ ወይ መዝገቡን ለጠየቀው ሁሉ ይዘረጋዋል፣ ወይ ምስጢር ነው በማለት ልጁን ሊያድን ከሚችለው መርማሪ ይከለክለዋል። ሁለተኛው ስሕተት ጨዋነት ስለሚመስል ይብሳል። ሽማግሌዎች ተሰብስበው የቤት ገመና አይውጣ ሲሉ፣ ካሣም ተቀብሎ ነገሩ እንዲበርድ ሲመክሩ፣ የሚሸፈነው የበዳዩ ስም እንጂ የልጁ ክብር አይደለም። ቀናው መንገድ ለእያንዳንዱ ባለሥልጣን ለሥራው የሚበቃውን ያህል ብቻ ማካፈል ነው፤ ሐኪሙ ስለ ቁስሉ ይወቅ፣ ስለ ስርቆቱ ማወቁ ግን ምን ይጠቅመዋል?

በድሬዳዋ አንድ ተጨማሪ ጆሮ አለ። በዚህች ከተማ ኦሮምኛና ሶማልኛ፣ አማርኛና ሐረሪኛ ጎን ለጎን ስለሚነገሩ፣ ልጁ በአፍ መፍቻ ቋንቋው ሲናገር አስተርጓሚ በመካከል ይቆማል፤ አስተርጓሚውም የልጁ የሰፈር ሰው ወይም የበዳዩ ዘመድ ሊሆን ይችላል። የሰነድ ሣጥን ቢቆለፍ የአስተርጓሚው አንደበት ካልተቆለፈ ከንቱ ነውና፣ ከመጀመሪያው ቃል በፊት ከነገሩ ጋር ግንኙነት የሌለው መሆኑ ሊጣራ፣ በመሐላም ሊታሰር ይገባዋል። የጋዜጠኛውም ጥንቃቄ እንዲሁ ነው፤ የልጁን ስም በፊደል አሳጥሮ ቀበሌውንና የእናቱን ንግድ ቢጽፍ፣ ሰው ለሰው በሚተዋወቅበት ከተማ ሙሉውን ስም እንደ ጻፈ ይቆጠራል።

በ1991 ዓ.ም. ገደማ በፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሕፃናት ፍትሕ ፕሮጀክት ከተቋቋመ ወዲህ፣ ተበዳዩ ልጅ በተለየ ክፍል ተቀምጦ፣ የዳኛውን ጥያቄ በሠለጠነ ባለሙያ አንደበት እየሰማ፣ ቃሉም በካሜራ ወደ ችሎቱ እየተላለፈ፣ በዳዩን ፊት ለፊት ሳያይ የሚመሰክርበት ለሕፃናት ምቹ ችሎት በሀገራችን ታወቀ። የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት በአዋጅ ቁጥር 25/1988 በድሬዳዋም እንዲያስችል በመደረጉ፣ የከዚራና የመጋላ ልጆች ነገር የሚታየው በዚሁ በፌዴራሉ ሥርዐት ነው።

በውጭው ዓለም በአሜሪካ ኢሊኖይ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1899 የመጀመሪያው የልጆች ፍርድ ቤት ሲቋቋም የተጀመረው ሐሳብ፣ እ.ኤ.አ. በ1985 የተባበሩት መንግሥታት ባጸደቁት የቤጂንግ ደንብ ጸንቷል፤ ደንቡም የወጣት ጥፋተኛ መዝገብ በጥብቅ ምስጢር እንዲያዝ፣ ልጁ ካደገ በኋላ በሚከሰስበት ሌላ ነገርም እንዳይጠቀስበት ያዛል። ኢትዮጵያ በ1984 ዓ.ም. የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነትም የልጁ የግል ሕይወት በክርክሩ ደረጃ ሁሉ እንዲከበር ያስገድዳል።

አሁን መዝገቡ ከወረቀት ወደ ኮምፒዩተር እየተሻገረ በመሆኑ፣ የግል መረጃ ለታወቀና ለሕጋዊ ዓላማ ብቻ እንዲሰበሰብ፣ ለዚያው ዓላማም ብቻ እንዲውል የሚያዝዘው አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ለሕፃኑ መዝገብም ጋሻ ሊሆነው ይገባል። እኔ የምለምነው ቀላል ነገር ነው፤ መዝገቡን የከፈተ ሹም ሁሉ ስሙን፣ ቀኑንና ምክንያቱን እዚያው ላይ ይጻፍ። ሕጉ በትምህርታዊ እርምጃ የታረመውን ልጅ በወንጀል እንደ ተቀጣ ሰው አይቈጥረውምና፣ ያ ልጅ አድጎ በምድር ባቡር ወይም በሌላ መሥሪያ ቤት ሥራ ለመያዝ ከወንጀል ነፃ የሚል ማስረጃ በጠየቀ ቀን፣ ጸሐፊው በስሙ አንጻር የሚያሰፍረው የጥፋት ታሪክ ሊኖር አይገባም።