መክተፊያ የሚያህል ላቦራቶሪ፦ በጠባብ ቤት ኤሌክትሮኒክስ እንዴት ይጀመራል?

ኤሌክትሮኒክስ መሞከር የሚፈልጉ ብዙ ወጣቶች የሚሰጡት ምክንያት አንድ ነው፦ "ቦታ የለኝም።" እውነትም የብዙዎቻችን ቤት ጠባብ ነው። የኮንዶሚኒየም ስቱዲዮም ይሁን የቀበሌ ቤት፣ የሚበላበት፣ የሚጠናበትና የሚተኛበት ክፍል አንድ ሊሆን ይችላል። ኢንተርኔት ላይ የምናያቸው የኤሌክትሮኒክስ ጠረጴዛዎች ደግሞ ግድግዳ ሙሉ መሳሪያ የተደረደረባቸው ናቸው። እነሱን አይቶ "ይሄ ለእኔ አይሆንም" ማለት ቀላል ነው።

እስቲ ጥያቄውን ገልበጥ እናድርገው። የሥራ ጠረጴዛ የሚያስፈልገው ለምንድን ነው? ለሦስት ነገር ነው፦ የምንሠራው ዕቃ እንዳይበላሽ፣ እኛ እንዳንጎዳ፣ እና አብረውን የሚኖሩት እንዳይጎዱ። በጠባብ ቤት የሚከብደው ሦስተኛው ነው። ታናሽ እህታችሁ የምትጫወተው እናንተ ሽቦ በላጣችሁበት ምንጣፍ ላይ ነው። ስለዚህ ዋናው ጉዳይ የቦታው ስፋት አይደለም። ምን ያህል ጉልበት ወደ ሥራችን እንደምናስገባ እና ከሥራው ቦታ ምን እንደሚወጣ መቆጣጠር ነው። ሁለቱን ከተቆጣጠርን አንድ መክተፊያ የሚያህል ቦታ ይበቃናል።

ለምን መክተፊያ?

መክተፊያ ያልነው ለቀልድ አይደለም። በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ላይ በቤታቸው ሬዲዮ የሚሠሩ አማተሮች ክፍሎቹን በሚስማርና በቡሎን የሚያስሩት ከኩሽና በወሰዱት የዳቦ መቁረጫ እንጨት ላይ ነበር። ዛሬ ሱቅ ሄደን የምንገዛው ነጭ ቀዳዳ በቀዳዳ የሆነ ፕላስቲክ "ብሬድቦርድ" የሚባለው ከዚያ የተነሳ ነው፤ ቃሉ "የዳቦ እንጨት" ማለት ነው። ቀዳዳዎቹ በ2.54 ሚሊ ሜትር ይራራቃሉ። ከሥራቸው አምስት አምስት ቀዳዳዎችን የሚያገናኙ የብረት መቆንጠጫዎች ስላሉ፣ ያለ ብየዳ ሰርኪዩት መሥራት ይቻላል።

እናንተም 30 በ40 ሴንቲ ሜትር የሚሆን የእንጨት መክተፊያ ወይም ጠፍጣፋ ጣውላ ፈልጉ። ደረቅ እንጨት ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፣ እንደ ፕላስቲክም በሙቀት አይቀልጥም። በቤት ውስጥ ያለው የብረት ትሪ ግን ለዚህ አይሆንም። ሰርኪዩቱ በቀጥታ ብረት ላይ ከተቀመጠ ከሥር ያሉት እግሮች በሙሉ በትሪው በኩል ይገናኙና ኮንታክት ይፈጠራል።

በጠርዙ ዙሪያ የካርቶን ቁራጭ በማጣበቂያ አቁሙበት፤ ብሎን ሲንከባለል ይይዝላችኋል። እራት ሲቀርብ ሥራው ሳይፈርስ እንዳለ ተነስቶ ቁም ሳጥን ላይ ይወጣል። አንድ ነገር ግን አደራ፦ ለኤሌክትሮኒክስ የዋለ መክተፊያ ወደ ሽንኩርት አይመለስም። ምክንያቱን ቆየት ብለን እናየዋለን።

ግድግዳው 3,520 ዋት፣ ፓወር ባንኩ 10 ዋት

አሁን ወደ ጉልበቱ እንምጣ። የቤታችን ሶኬት 220 ቮልት ነው። ብሬከሩ የ16 አምፔር ከሆነ 220 × 16 = 3,520 ዋት ድረስ ዝም ብሎ ያሳልፋል። ይሄ እንጀራ የሚጋግር ጉልበት ነው። 5 ቮልትና 2 አምፔር የሚሰጥ ፓወር ባንክ ግን 10 ዋት ብቻ ነው፤ ከ350 ጊዜ በላይ ያንሳል። ስህተት ሲፈጠር በአንደኛው አምፖሏ ትቃጠላለች፣ በሌላኛው ቤቱ።

በሰውነታችን ላይ ያለውንም በኦም ሕግ እናስላው። የሰው ሬዚስታንስ በቆዳው ድርቀት ይወሰናል። እጅ እርጥብ ሲሆን ወደ 1,000 ኦም ሊወርድ ይችላል። 5 ቮልትን ለ1,000 ስናካፍል 5 ሚሊ አምፔር እናገኛለን። 220 ቮልትን ስናካፍል ደግሞ 220 ሚሊ አምፔር ይሆናል። በደረት በኩል የሚያልፍ ከ30 ሚሊ አምፔር በላይ የሆነ ከረንት የልብን ምት ሊያዛባ ይችላል። ሰውን ከኤሌክትሪክ አደጋ ለመጠበቅ የሚገጠሙት ልዩ ብሬከሮች በ30 ሚሊ አምፔር እንዲቆርጡ የሚደረጉትም ለዚህ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሕግ ይሄ ነው፦ መክተፊያው ላይ ከ12 ቮልት በላይ አይውጣ። ሦስት ተራ የድንጋይ ባትሪዎች ተቀጣጥለው 4.5 ቮልት ይሰጣሉ፤ ለመጀመር በቂ ነው። ፓወር ባንክ ካላችሁ ደግሞ መብራት ቢሄድም ሥራ አይቆምም። የአሮጌ ቻርጀር ገመድ ቆርጣችሁ ብትልጡት ብዙ ጊዜ ቀዩ ፖዘቲቭ፣ ጥቁሩ ኔጌቲቭ ነው። ግን ርካሽ ገመዶች ላይ ቀለሙ ሊለያይ ስለሚችል በመልቲሜትር ሳታረጋግጡ አትመኑ።

አንድ የሚያስገርማችሁ ነገር ሊገጥማችሁ ይችላል። ትንሿ አምፖል በርታ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ራሷ ትጠፋለች። አልተበላሸችም። ብዙ ፓወር ባንኮች የሚወጣው ከረንት በጣም ትንሽ ሲሆን "ስልኩ ሞልቷል" ብለው ይዘጋሉ። እንዲህ ከሆነ ለትናንሽ ሙከራዎች ወደ ድንጋይ ባትሪ ተመለሱ።

ሁለተኛው ሕግ አጭር ነው። ሽቦ ከሞቀ ወይም ከሸተተ መጀመሪያ ንቀሉ፣ ምክንያቱን በኋላ ፈልጉ።

መብራቱን አቅርቡት

የሬዚስተር ቀለሞች ቀጫጭን ናቸው፤ በደብዛዛ ብርሃን ቀዩና ብርቱካናማው አንድ ይመስላል። ትልቅ አምፖል መግዛት ግን አያስፈልግም። ከትንሽ አምፖል የሚመጣ ብርሃን በርቀቱ ስኩዌር ልክ ይቀንሳል። አንድን አምፖል ከ2 ሜትር ወደ 50 ሴንቲ ሜትር ብታቀርቡት ርቀቱ በ4 ያንሳል፣ ሥራው ላይ የሚያርፈው ብርሃን ደግሞ በ16 እጥፍ ይጨምራል። ቀኝ እጃችሁን የምትጠቀሙ ከሆነ መብራቱን በግራ በኩል አድርጉት፤ የእጃችሁ ጥላ ሥራውን አይሸፍንባችሁም። ቀን ቀን ደግሞ የመስኮት ዳር ምርጥ ነው፤ ብርሃንም አየርም በነጻ።

ካውያ በመጨረሻ ይገዛል

ብዙ ጀማሪ መጀመሪያ የሚገዛው የመበየጃ ካውያ ነው። በጠባብ ቤት ግን ቅደም ተከተሉ ቢገለበጥ ይሻላል፦ መጀመሪያ መልቲሜትር፣ ቀጥሎ ብሬድቦርድ፣ ሽቦ፣ ሬዚስተርና ኤልኢዲ። በእነዚህ ብቻ ለወራት መማር ይቻላል። ካውያ የሚያስፈልገው የሠራችሁት ነገር ደህና መሆኑን አረጋግጣችሁ ቋሚ ልታደርጉት ስትፈልጉ ነው።

ለምን መሰላችሁ? ካውያ ሁለት ነገር ወደ ቤቱ ይለቃል። አንደኛው ጭስ ነው። ስንበይድ የሚወጣው ጭስ በአብዛኛው የሚመጣው ሊዱ ውስጥ ካለው ፍላክስ ነው፤ ፍላክሱ ብዙ ጊዜ ከጥድ ዛፍ ሙጫ ይሠራል። "ሙጫማ ዕጣንም ሙጫ ነው፣ ምን ችግር አለው?" ትሉ ይሆናል። ችግር አለው፤ የዚህ ሙጫ ጭስ በተደጋጋሚ ሲተነፈስ አስም እንደሚያስነሳ በብየዳ ሠራተኞች ላይ የታወቀ ነው። መስኮት ክፈቱ፣ ጭሱ ወደ ውጭ እንዲሄድ ጎን ላይ ትንሽ ቬንትሌተር አድርጉ፣ ፊታችሁን ከጭሱ አርቁ። ሕጻን ያለበት ክፍል ውስጥ አትበይዱ።

ሁለተኛው እርሳስ ነው። የምንጽፍበትን እርሳስ ማለታችን አይደለም፤ እሱ ውስጡ ግራፋይት ነው። የተለመደው የብየዳ ሊድ 63 በመቶ ቲንና 37 በመቶ እርሳስ የተባለው ብረት ቅልቅል ሲሆን በ183 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀልጣል። እርሳሱ በጭሱ ይወጣል ብለው የሚፈሩ አሉ። እርሳስ ግን የሚፈላው ከ1,700 ዲግሪ በላይ ነው፤ ካውያችን ደግሞ 350 አካባቢ ነው። ስለዚህ ዋናው መንገድ አየር ሳይሆን እጅ ነው። ሊዱን በጣታችን እንይዛለን፣ ብናኙ መክተፊያው ላይ ይቀራል፣ በዚያው እጅ እንጀራ እንቆርሳለን። እርሳስ የልጆችን አእምሮ እድገት ይጎዳል፤ ጉዳት የለውም የሚባል መጠንም አልተገኘለትም። መክተፊያው ወደ ኩሽና የማይመለሰው ለዚህ ነው። ከተገኘ እርሳስ የሌለበት ሊድ ግዙ፤ ከ217 እስከ 227 ዲግሪ ስለሚቀልጥ ትንሽ ትዕግሥት ይጠይቃል እንጂ ይሠራል።

ሌላው የእኛ አገር ነገር መብራት መሄዱ ነው። ካውያ ተሰክቶ ሳለ መብራት ከሄደ ወዲያው ንቀሉት። አለበለዚያ ሁሉም ተነስቶ ይወጣል፣ ማታ መብራት ሲመጣ ካውያው ብቻውን ይግላል። ምጣድ በተሰካበት ዲቫይደር ላይም አትሰኩት።

አሮጌ ዕቃ ምን ይፈታል፣ ምን አይፈታም?

ያገለገለ ዕቃ ትልቅ ሀብት ነው። አዲስ አበባ ውስጥ መርካቶ ምናለሽ ተራ የሄደ ሰው ይሄን ያውቃል። በባትሪ የሚሠራ የተበላሸ መጫወቻ፣ ሪሞት ወይም ትንሽ ሬዲዮ ፈቶ ሞተር፣ ስፒከር፣ ማብሪያና ማጥፊያ ማውጣት ይቻላል። ካቻቢቴና ፒንሳ ካላችሁ በቃ።

በቀጥታ ሶኬት ላይ የሚሰካ ነገር ግን አትፍቱ። "ነቅዬዋለሁኮ!" ማለት አያድንም። 220 ቮልት የተባለው የኤሲ ውጤታማ (RMS) ዋጋ ነው፤ ጫፉ 220 × 1.41፣ ማለትም ወደ 310 ቮልት ይደርሳል። የቴሌቪዥንና የቻርጀር ካፓሲተሮች ይህን ጉልበት ከተነቀሉ በኋላም ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ። ማይክሮዌቭ ምድጃ ደግሞ በሺህ የሚቆጠር ቮልት ስላለው በፍጹም አይነካም። በባትሪ የሚሠራ ሆኖ አደገኛ የሆነም አለ፦ ፍላሽ ያለው ካሜራ ከትንሽ ባትሪ ተነስቶ ወደ 300 ቮልት ያጠራቅማል። ያበጠ የስልክ ባትሪም አይወጋ፣ አይታጠፍ፤ ሊቀጣጠል ይችላል።

ክብሪት ቤት ውስጥ ያለ መጋዘን

ባዶ የክብሪት ቤቶችን ጎን ለጎንና ላይ በላይ ብታጣብቋቸው ትናንሽ መሳቢያዎች ይሆናሉ። ፊታቸው ላይ "330 ኦም"፣ "1,000 ኦም" እያላችሁ ጻፉ። ቺፖችን ግን ፌስታል ውስጥ አትክተቱ። በበጋ አየሩ ሲደርቅ ሹራብ ስናወልቅ "ጣ ጣ" የሚለው ስታቲክ ኤሌክትሪክ ፌስታል ላይም ይጠራቀማል። ሰው እንዲህ ያለውን ንዝረት የሚሰማው ወደ 3,000 ቮልት ሲደርስ ነው፤ አንዳንድ ቺፕ ግን ከዚያ በጣም ባነሰ፣ እናንተ ሳትሰሙት ይበላሻል። በመጣበት ከረጢት ወይም በአሉሚኒየም ፎይል ጠቅልሉት፣ ከመንካታችሁ በፊትም ትልቅ ብረት፣ ለምሳሌ የመስኮት ፍሬም ንኩ።

አምስት ደቂቃ ለመዝጊያ

ጠባብ ቤት ውስጥ ከሥራው እኩል የሚያስፈልገው አዘጋጉ ነው። ካውያውን ንቀሉና እስኪበርድ መቀመጫው ላይ ተዉት፤ ከተነቀለ በኋላም ለደቂቃዎች ያቃጥላል። የተቆረጡ የሽቦ ጫፎችን ልቀሙ። መክተፊያውን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ፣ ጨርቁን ለብቻው አስቀምጡ፣ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ክብ የሰዓት ባትሪዎችን ደግሞ ቁጠሩ። ሕጻን አንዷን ከዋጠ በሁለት ሰዓት ውስጥ ጉሮሮውን ክፉኛ ልታቃጥል ትችላለች፤ ከጎደለችና ከተጠረጠረ ሳይጠብቁ ሐኪም ቤት መሄድ ነው። ከዚያ ሁሉም ነገር የልጅ እጅ የማይደርስበት ቦታ ይውጣ።

አሁን እንጀምር

ቀይ ኤልኢዲ፣ አንድ 330 ኦም ሬዚስተር (ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ቡናማ)፣ ብሬድቦርድና 4.5 ቮልት የሚሰጡ ሦስት ባትሪዎች ያዙ። ኤልኢዲው ለራሱ ወደ 2 ቮልት ይወስዳል፣ 2.5 ይቀራል። 2.5 ለ330 ሲካፈል 7.6 ሚሊ አምፔር ገደማ ነው፤ ለኤልኢዲው ምቹ ነው። ረጅሙን እግር ወደ ፖዘቲቭ አድርጋችሁ አብሩት። ከዚያ በመልቲሜትር የሬዚስተሩን ሁለት ጫፎች ለኩ። በእርግጥ 2.5 ቮልት ነው ወይስ ይለያል? ከተለያየ፣ የባትሪዎቹን ትክክለኛ ቮልቴጅና ኤልኢዲው የወሰደውንም ለክታችሁ ደምሩት። ሂሳቡ ሲገጥም መክተፊያችሁ ላቦራቶሪ ሆኗል ማለት ነው።