ልጆች የሚጫወቱበት ሜዳ ባዶ መሬት አይደለም

ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ የሚሄድ መንገደኛ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ሲጓዝ ጊንጪን ያገኛል። ጊንጪ የደንዲ ወረዳ ከተማ ናት። አብዛኛው መንገደኛ ሻይ ጠጥቶ ያልፋታል። በኅዳር 2008 ዓ.ም. ግን የዚህች ትንሽ ከተማ ተማሪዎች ያነሡት ጥያቄ አገር አዳረሰ። ጥያቄያቸው ሁለት ነበር፤ የሚጫወቱበት ሜዳ ለባለሀብት ለምን ይሰጣል? በአቅራቢያችን ያለው የጭሊሞ ደንስ ለምን ይመነጠራል? ከዚያ በፊት፣ በሚያዝያ 2006፣ በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ማስተር ፕላን ምክንያት አምቦ ላይ የሰው ሕይወት ጠፍቶ ስለነበር ቁስሉ ገና አልደረቀም። የጊንጪው ጥያቄ ከማስተር ፕላኑ ጋር ተያይዞ ኦሮሚያን አዳረሰ። ፕላኑ በጥር 2008 መቅረቱ እስኪነገር ድረስ ብዙ እናት ልጇን ቀብራለች።

ፖለቲካውን ለሚያውቁት ልተወው። እኔ ነርስ ነበርኩ፤ ሐሳቤ የሚመለሰው ወደ ሜዳው ነው። ልጆቹ ያንን ጥያቄ ይዘው ከመውጣታቸው በፊት እኛ ወላጆችና አያቶች የት ነበርን?

የራሴን ልናገር። ከዓመታት በፊት በምኖርበት ከተማ (ስሙ ይቅር) ስለ ሰፈራችን ፕላን ስብሰባ አለ ተብሎ በድምፅ ማጉያ ተጠራን። ተራ ነበርኩ፣ ደክሞኝ ነበር፣ «ፕላን ደግሞ የመሐንዲስ ጉዳይ ነው» ብዬ ቀረሁ። ጎረቤቶቼም ቀሩ። ከጊዜ በኋላ የሰፈሩ ልጆች ኳስ የሚራገጡበት፣ እኛም እህል የምናሰጣበትና ለቅሶ ሲሆን ድንኳን የምንተክልበት ቦታ በቆርቆሮ ታጠረ። ስንጮህ ፕላኑ ላይ «ንግድ» ተብሎ መመዝገቡን ሰማን። ዛሬ እዚያ ሱቅ በሱቅ ነው፤ ባለፈው ለልጅ ልጄ የኳስ ጫማ ከአንዱ ገዝቼለታለሁ። የሚጫወተው ግን አስፋልት ዳር ነው። ባጃጅ ሲመጣ «መኪና!» ብለው ይበታተናሉ፣ ሲያልፍ ድንጋዩን መልሰው ጎል ይሠራሉ። በባጃጅ ተገጭቶ የመጣ ልጅ እግር በስፕሊንት ያሰረ ሰው ይህን ሲያይ እንዴት ይተኛል?

ሱቅ አይሠራ ማለቴ አይደለም። ስንት እናት በትንሽ ሱቅ ልጆቿን አስተምራለች። ማዘጋጃ ቤቱም ገቢ ይፈልጋል፤ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ ከተሞች ከሊዝ ገንዘብ ያገኛሉ፣ የንግድ ቦታ ደግሞ በጨረታ የተሻለ ዋጋ ያወጣል። የሰፈር ሜዳ ግን ጨረታ ላይ የሚጮህለት የለውም። ገቢ ስለማያስገባ በጽሕፈት ቤት ወረቀት ላይ «ክፍት ቦታ» ይባላል፣ ክፍት የተባለ ነገር ደግሞ መዘጋቱ አይቀርም።

በጤና ዓይን ሲታይ ግን ሜዳው ሥራ አልፈታም። የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ሰውነታቸውን የሚያሠራ እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ይመክራል። ለእኛ ለአዋቂዎች ቢያንስ በሳምንት 150 ደቂቃ ነው፤ ስኳርና ደም ግፊት ላለብን ይህ ከመድኃኒታችን ጎን የሚቆም ነው። አምቦም ሆነ ጉደር በክፍያ ስፖርት የሚሠራ ስንት ቤተሰብ አለ? ያለን ሜዳና መንገድ ነው።

ናይሮቢ ላይ የሆነውንም ላንሣ። ከጊንጪው አሥር ወር ቀደም ብሎ፣ በጥር 2007፣ የላንጋታ መንገድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ከእረፍት ሲመለሱ መጫወቻ ሜዳቸው ታጥሮ አገኙት። አጥሩን ገፍተው ጣሉት፤ ፖሊስ በእነዚያ ሕፃናት ላይ አስለቃሽ ጭስ ተኮሰ። ፎቶው ዓለምን ዞረ፣ መሬቱም ለትምህርት ቤቱ ተመለሰ። ሰው ሁሉ የልጆቹን ጀግንነት አደነቀ። እኔ ግን የስምንት ዓመት ልጅ ሳንባ ውስጥ የገባው ጭስ ነው የታሰበኝ። ያንን አጥር መጠየቅ የነበረበት አዋቂ ነው።

ለመጠየቅ ደግሞ በር አለ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 43 ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚመለከት ፕሮጀክት ላይ ሐሳባቸውን የመስጠት መብት እንዳላቸው ይናገራል። የ2000 ዓ.ም. የከተማ ፕላን አዋጅ (ቁጥር 574) ፕላን ከመጽደቁ በፊት ሕዝብ እንዲወያይበት ያዛል፤ መዋቅራዊ ፕላን ከጸደቀ ለ10 ዓመት ያገለግላል። እንግዲህ አንድ ከሰዓት ስብሰባ መቅረት የልጅን ሙሉ የጨዋታ ዕድሜ ሊበላ ይችላል። ይዞታው የሚነሣበት ሰው ደግሞ በ2011 በወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 መሠረት ትእዛዙ በደረሰው በ30 ቀን ውስጥ ቅሬታውን ማቅረብ ይችላል። ሠላሳ ቀን በሽምግልና፣ በለቅሶና በ«ነገ እንሄዳለን» ቶሎ ያልቃል።

ስለዚህ የሰፈራችሁ ሜዳ በፕላኑ ላይ ምን ተብሎ እንደተመዘገበ ዛሬ፣ ቆርቆሮው ሳይመጣ፣ ማዘጋጃ ቤት ሄዳችሁ ጠይቁ። ብቻችሁን አትሂዱ፤ የእድር ሊቀመንበሩን፣ አንድ አስተማሪና አንዲት ወጣት እናት ይዛችሁ ሂዱ። ጥያቄያችሁን በጽሑፍ አድርጉት። በቃል «እናያለን» ተብላችሁ ከተመለሳችሁ ምንም አልያዛችሁም። ማመልከቻውን በሁለት ቅጂ አዘጋጁና አንዱን መዝገብ ቤት ስታስገቡ በሌላው ላይ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም አስደርጉበት፤ እሱን ከእድሩ መዝገብ ጋር አስቀምጡት።