መሪ ሲንቀጠቀጥ ጎማውን ብቻ መውቀስ

ያገለገለ ላንድክሩዘር ሊገዛ የመጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚከፍተው ኮፈኑን ነው። ሞተሩን አስነስቶ ያዳምጣል፣ ጭሱን ያያል፣ ኪሎሜትሩን ይጠይቃል። ከመኪናው ሥር የሚተኛ ገዢ ጥቂት ነው። ቶዮታ በ1984 (እ.ኤ.አ.) ያወጣው ባለ 70 ላንድክሩዘር ግን ስላሳለፈው ኑሮ ብዙ የሚናገረው ከፊት አክስሉ ላይ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ሰው የሚሳሳተው በመሪ መንቀጥቀጥ ነው። መኪናው በሰዓት 60 ወይም 70 ኪሎሜትር ሲሄድ ጉድጓድ ይመታል፤ መሪው ከእጅ ሊያመልጥ እስኪደርስ ይርገፈገፋል፤ ሾፌሩ ፍጥነት እስኪቀንስም አይተወውም። ባለቤቱ ጎሚስታ ዘንድ ሄዶ ባላንስ ያሠራል። ለውጥ የለም። ቀጥሎ የመሪው አሞርዛቶር ይቀየራል። አዲሱ አሞርዛቶር መንቀጥቀጡን ለጊዜው ያፍነዋል፤ መኪናውም «ተሠርቷል» ተብሎ ለገበያ ይወጣል። ይህ ገዢን መበደል ነው።

ባላንስ የጎደለው ጎማ ጉድጓድ አይጠብቅም፤ ለስላሳ አስፋልት ላይም የተወሰነ ፍጥነት ሲደረስ ይንቀጠቀጣል። ጉድጓድ የሚቀሰቅሰውና በራሱ የሚቀጥል መርገፍገፍ ግን የላላ ነገር አለ ማለት ነው። ብዙ ጊዜ የሚላላው ጎማው ወደ ግራና ቀኝ የሚዞርበትን መገጣጠሚያ ከላይና ከታች የያዘው ኪንግፒን ኩሽኔታ ነው። ኩሽኔታው የሚፈልገው ጥብቀት በስስ የብረት ንጣፎች ይስተካከላል። ሲበላ ወይም ንጣፉ ሳይለካ ሲገጠም መገጣጠሚያው ይወዛወዛል።

ምርመራው ክሪክና ሁለት ሰው ብቻ ይፈልጋል። የፊት ጎማው ከመሬት ይነሣል፤ አንዱ ጎማውን ከላይና ከታች ይዞ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ይነቀንቃል። ከተንቀሳቀሰ ሌላው ፍሬን ይርገጥ። ፍሬኑ ተረግጦ መነቅነቁ ከቆመ የላላው የጎማው ኩሽኔታ ነው፤ ፍሬን ተይዞም ከቀጠለ ጥፋቱ ኪንግፒኑ ጋ ነው። ጎማው ከግራና ከቀኝ ተይዞ ሲነቀነቅ ብቻ ክፍተት ካለ ደግሞ ቴስቲናዎቹ ይታዩ። ከ1999 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ በተሠሩት፣ ከፊት ሞላ ባላቸው መኪኖች ላይ አክስሉን ከሻሲው ጋር አግድም የሚያያይዘው ዘንግ ቦኮላም አብሮ ይፈተሽ፤ የተበላ ቦኮላ ያንኑ መርገፍገፍ ያመጣል።

እዚያው ተተኝቶ እያለ መገጣጠሚያው ላይ ያለው እርጥበት ይታይ። ስስ የግራሶ ሽፋን አያስጨንቅም። ቀጭን ዘይት የሚወርድ ከሆነ ግን የውስጡ የጎማ ቀለበት አልቆ የዲፈረንሻሉ ዘይት ግራሶውን እያጠበው ነው። ለሽያጭ ብሎ ሥሩን አሳጥቦ የሚያመጣ ሻጭ ይህን ምልክት ያጠፋል፤ ስለዚህ መኪናው ከተነዳ በኋላ ተመልሶ ይታይ።

የቀረው አጭር ነው። ማርሽ ሲገባ «ኳ» የሚል ድምፅ ካለ ክሮቸራው ይነቅነቅ። አፈር መንገድ ላይ በፎር ዊል መሪው እስከ መጨረሻው ተጠምዝዞ ሲነዳ የሚንቋቋ ድምፅ ከፊት ከመጣ የፊት አክስሉ መገጣጠሚያ ተበልቷል። አራቱ ጎማዎችም መጠናቸው እኩል ይሁን።

የፎር ዊሉን ሙከራ ደረቅ አስፋልት ላይ የሚያደርግ ሰው መኪናውን ይጎዳል። በባለ 70ው አብዛኞቹ ሞዴሎች ላይ ከፊትና ከኋላ ዘንጎች መካከል ዲፈረንሻል የለም፤ ኩርባ ላይ የፊት ጎማዎች ከኋለኞቹ የረዘመ መንገድ ስለሚሄዱ፣ ጎማው መንሸራተት ካልቻለ ጭንቀቱ በማርሾቹ ላይ ይከማቻል። መሪው ይከብዳል፣ የፎር ዊሉ ዘንግም አልወጣ ይላል። ያን ጊዜ ትራንስፈሩን ከማስፈታት በፊት መኪናው ጥቂት ሜትር ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ ይነዳ፤ አብዛኛውን ጊዜ ዘንጉ ያኔውኑ ይለቃል።