የልጁ አባት የት ነው?

ሰሊጥ ሲደርስ ብዙ ሰው ለአጨዳ ወደ መተማ ይወርዳል። አጨዳው ሲያልቅ አብዛኛው ወደ ቤቱ ይመለሳል። አንዳንዱ አባት ግን በዚያው ይቀራል። ልጁ ምን ይብላ? ደብተርስ ማን ይግዛለት? ሸክሙ ሁሉ በእናት ትከሻ ላይ ይወድቃል።

ሕግ ይህን አይፈቅድም። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃን ወላጆቹን የማወቅና የእነሱን እንክብካቤ የማግኘት መብት አለው ይላል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቤተሰብ ሕግ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ይሠራል። ብዙ ክልሎችም የየራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ አውጥተዋል። በሕጉ መሠረት ቀለብ ማለት ምግብ ብቻ አይደለም። ልብስ፣ መጠለያ፣ ሕክምናና ትምህርትም ቀለብ ነው። ባልና ሚስት ቢፋቱም አባት አባት ነው።

እናት ክስ ስታቀርብ የተከሳሹን ስምና አድራሻ መጻፍ አለባት። መጥሪያ የሚደርሰው በአድራሻ ነዋ! መጥሪያ ማለት «በዚህ ቀን ቅረብ» የሚል የፍርድ ቤት ወረቀት ነው። ሰውየው ቢሰወር፣ መጥሪያው መጨረሻ በኖረበት ቤት እንዲለጠፍ ወይም በጋዜጣ እንዲወጣ ፍርድ ቤቱ ማዘዝ ይችላል። ስለዚህ መደበቅ ክሱን አያስቀርም። ቀኑን ግን ያስረዝማል። ልጅ ደግሞ ቀጠሮ አያውቅም፤ ዛሬውኑ ይርበዋል።

በክፍላችን በዚህ ጉዳይ ስንወያይ አንድ አባት «እና ወንድሜን ለዳኛ አሳልፌ ልስጥ?» ብለው ጠየቁን። ጥያቄው ከባድ ነው። እኛም «የተራበው ልጅስ የእርስዎ ሥጋ አይደለም ወይ?» አልናቸው። ለልጅ ሲባል አድራሻ መናገር ማሳበቅ አይደለም። ደግሞም ፍርድ ቤት በምስክርነት የጠራው ሰው መቅረብና እውነቱን መናገር ግዴታው ነው። በሐሰት መመስከር በወንጀል ያስቀጣል። አሠሪም ከደመወዝ ተቆርጦ ለልጁ ይከፈል የሚል የፍርድ ቤት ትእዛዝ ሲደርሰው መፈጸም አለበት።

«ከተገኘ ባዶ እጁን ይቀራል» የሚሉም አሉ። እንዲህ አይደለም። ዳኛ ቀለብ ሲቆርጥ የልጁን ችግርም የአባትየውን አቅምም ያያል።

እናቶች፣ አትዘግዩ! በ1992ቱ ሕግ ሳይጠየቅ የቆየ ቀለብ ለኑሮ አስፈላጊ መሆኑ ካልተረጋገጠ ከ3 ወር በኋላ ይቀራል። አሁን መጻፍ ችላችኋል። ስለዚህ በደብተራችሁ ላይ እነዚህን ጻፉ፦

የአባትየውን ስም እስከ አያቱ፤
የሚኖርበትን ወረዳና ቀበሌ፤
የሚሠራበትን ቦታና የስልኩን ቁጥር፤
ያለበትን የሚያውቁ ሰዎችን ስም።

የልጁን የልደት ምስክር ወረቀትም በደንብ አስቀምጡ።

የመወያያ ጥያቄዎች
1. መጥሪያ ምንድን ነው?
2. ቀለብ ምን ምን ያጠቃልላል?
3. የጠፋ አባት ያለበትን ብታውቁ ምን ታደርጋላችሁ? ለምን?